ሁለት ዓመት ያስከፈለኝ ስህተት፦ ከሐዋሳ ለአኒሜሽን ጀማሪዎች

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ወጣት ይደውልልኛል። አንዱ ከሻሸመኔ፣ አንዱ ከይርጋለም፣ አንዱ እዚሁ ከአቶቴ። ጥያቄው ግን አንድ ነው። «አኒሜሽን መሥራት እፈልጋለሁ፣ ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ?» እኔም ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጀመርኩት ከዚሁ ጥያቄ ነው። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ የሚከተለውን ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ዓመት፣ አንድ ጓደኛና የእናቴን ዕቁብ አተርፍ ነበር። በስልክ የማልጨርሰው ነገር ስለሆነ ልጻፈው አልኩ።

ከአኒሜሽን በፊት የምስለው ባጃጅ ላይ ነበር። ጥቅስ እጽፋለሁ፣ የኳስ ክለብ አርማ እስላለሁ፣ አንዳንዴም የሱቅ ማስታወቂያ። ልጅ ሳለሁ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በቴሌቪዥን ሲጀምር ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። ያቺ አማርኛ የምትናገር ቀጭኔ እዚሁ አገራችን እንደተሠራች የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ይሄ ለካ እኛም የምንሠራው ነገር ነው ብዬ ልቤ ተነሳ። ፍሊፓክሊፕ የሚባለውን አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩና ኳስ ማንጠር ጀመርኩ። አንድ ወር ሙሉ ኳስ ብቻ። አንድ ቀን ማታ ኳሷ መሬት ስትነካ ክብደት ያላት መሰለች። ያንን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ላፕቶፕ አማረኝ። እማዬ ያኔ ዕቁብ ደርሷት ነበር። ለቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ያሰበችውን ብር አውጥታ ሰጠችኝ። እኔም ገበያው ላይ ካለው ውዱን፣ ለጌም የሚሠራውን መርጬ ገዛሁ። የላፕቶፑን አቅም ግማሽ እንኳ ሳልጠቀምበት አረጀ። ቆርቆሮው የተቀየረው ከሦስት ክረምት በኋላ ነው።

እናንተ እንደኔ አታድርጉ። ለመጀመር ስልክ ይበቃል። ላፕቶፕ የግድ ካላችሁ 8 ጊጋ ራም ያለው፣ ደህና የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ግዙ። ብሌንደርም ክሪታም በነፃ የሚወርዱ የአኒሜሽንና የሥዕል ፕሮግራሞች ናቸው። ብሌንደር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማንም ፈቃድ አይጠይቃችሁም። የተረፈውን ብር ለወረቀትና ለእርሳስ አስቀምጡ። ለምን እንደምል ቀጥሎ ይገባችኋል።

የመጀመሪያ ፊልሜ ስለ አንድ ልጅና ስለ አባ ኮዳ ነበር። ሐዋሳ የመጣ ሰው አባ ኮዳን ያውቃል። አሞራ ገደል ዓሣ በሚበለትበት ቦታ፣ ራሰ በራውን ይዞ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ የዓሣ አንጀት እስኪጣልለት እንደ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቃል። ልጁ በየቀኑ ይመግበዋል፣ ይጫወታሉ፣ በመጨረሻ ወፉ በርሮ ይሄዳል። ጭንቅላቴ ውስጥ በጣም ያምር ነበር። ስለዚህ ላፕቶፑን ከፍቼ በቀጥታ ከመጀመሪያው ሾት (ሳይቆረጥ ከሚታየው አንድ ቁራጭ) መሳል ጀመርኩ።

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ታሪኩ ጭንቅላቴ ውስጥ ስላለ ያለቀ መሰለኝ።

ሂሳቡን እንይ። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። በእጅ ስንስል አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እናቆየዋለን፣ ስለዚህ በሴኮንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። የኔ ፊልም ዘጠኝ ደቂቃ ነበር። 540 ሴኮንድ በ12 ስናባዛው 6,480 ሥዕል ይመጣል። ሁሉንም የሳልኩት ብቻዬን ነው፣ ቀን ባጃጅ ላይ ስስል ውዬ ማታ። 22 ወር ፈጀ።

በመሃል አንድ ሌላ ጥፋትም ሠራሁ። የሐይቁን ዳር በስሪ ዲ ስለሠራሁት አንዱ ፍሬም ሬንደር ለመሆን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል ሠርቶ እስኪያወጣ፣ ሦስት ደቂቃ ይወስድ ነበር። የአሥር ሴኮንድ ሾት 240 ፍሬም ነው፣ ስለዚህ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ለቀቅ አደርገውና እተኛለሁ። እኔ ደግሞ ሬንደሩን በቀጥታ ቪዲዮ ፋይል አድርጌ ነበር የማወጣው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ጠዋት ስከፍተው ቪዲዮው አልከፈት አለ። ይሄ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ እኔ አራት ጊዜ ነው የደረሰብኝ። ምክሩ አጭር ነው፦ ሬንደር ስታደርጉ ቪዲዮ አታውጡ፣ ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ፋይል አንድ በአንድ አውጡ። መብራት ቢጠፋ እንኳ የተሠሩት ፍሬሞች ይቀመጣሉ፣ ከቆመበት ትቀጥላላችሁ። በመጨረሻ ምስሎቹን አንድ ላይ ቪዲዮ ማድረግ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሥራችሁን ደግሞ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን።

ፊልሙ አለቀ። አንድ አዳራሽ ለምኜ አገኘሁና የሰፈር ልጆችንና ወላጆችን ጠራሁ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ አባ ኮዳው ሲራመድ ሳቁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሕፃን ወንበሩ ላይ ዞረ። አራተኛው ላይ ወሬ ተጀመረ። ስድስተኛው ላይ ሁለት ልጆች ውጪ ወጥተው ሲጫወቱ ይሰማኛል። ሲያልቅ ተጨበጨበልኝ፣ ያው የይሉኝታ ጭብጨባ ነው። ከዚያ የስምንት ዓመት ገደማ የምትሆን ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ልጁ ግን ምን ፈልጎ ነው?» አለችኝ።

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። አባቱ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ እንደቀረ፣ ልጁ ብቸኛ እንደሆነ፣ ወፉን የሚመግበው አብሮት የሚሆን ሰው ስለሌለው እንደሆነ። እሷም በደንብ አዳመጠችኝና፣ «እሱማ ፊልሙ ላይ የለም» አለች።

እውነቷን ነበር። 6,480 ሥዕል ውስጥ አንዱም ላይ የለም።

ሦስት ወር እርሳስ አልነካሁም። ላፕቶፑን ሳየው ሆዴ ይባባል። እማዬ ምንም አላለችኝም፣ ማታ ማታ ሻይ እያስቀመጠችልኝ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ነው ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩት ማንበብ የጀመርኩት። ከሁሉ በፊት መሆን የነበረበት የመጨረሻ ሆነ።

ያነበብኩት ነገር ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ ይመራል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ዌብ ስሚዝ የሚባል ሠራተኛ እያንዳንዱን ትዕይንት በተለያየ ወረቀት ስሎ ግድግዳ ላይ በመርፌ ይሰካ ነበር። ዲዝኒ ራሱ ሐሳቡ የስሚዝ ነው ይል ነበር። ስቶሪቦርድ የምንለው እሱ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ሥዕሎቹን እያሳየ ታሪኩን ይተርካል። ሌሎቹ ያዩታል፣ ይጠይቃሉ፣ ያልሰመረውን ነቅለው ይጥላሉ፣ እንደገና ይሳላል። ቀለምና እንቅስቃሴ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ስቶሪ አርቲስት ይባላል። ብዙ ዳይሬክተሮች የወጡት ከዚያ ክፍል ነው። ብሬንዳ ቻፕማን «ዘ ላየን ኪንግ» ላይ የስቶሪ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች፣ ከዚያ የሙሴን ታሪክ የሚተርከውን «ዘ ፕሪንስ ኦፍ ኢጂፕት»ን እ.ኤ.አ. በ1998 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ዳይሬክት አደረገች።

ሌላም ያጽናናኝ ሰው አለ። የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን እ.ኤ.አ. በ1966 አጭር አኒሜሽን ሠርቷል፣ ገጸ ባሕርያቱ እንቁራሪቶች ናቸው። የእንቁራሪቶች ፕሬዚዳንት ወደ ሌላ አገር ለጉብኝት ይሄዳል። ያኔ እሱ ጋ ኮምፒውተር የለ፣ ኢንተርኔት የለ። እሱ በእንቁራሪት ከሠራ እኔ በአባ ኮዳ ምን ይከለክለኛል አልኩና ተነሳሁ።

አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ምንም ወጪ የለውም።

ኤ ፎር ወረቀት ለስምንት እቆርጣለሁ። በወፍራም ማርከር እስላለሁ፣ ምክንያቱም በወፍራም ማርከር ዓይንና ጥፍር መሳል አይቻልም። አንዱን ሥዕል ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆይበትም። ማማር የለበትም፣ ያማረ ሥዕል ለመጣል ያሳሳል። በፕላስተር ግድግዳ ላይ በተራ እለጥፋለሁ። ከዚያ ቆሜ፣ በእርሳስ እየጠቆምኩ፣ ጮክ ብዬ እተርከዋለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ለእህቴ፣ ቀጥሎ ለማላውቀው ሰው። ስትተርኩ አፋችሁን አዳምጡ። «እዚህ ጋ እንግዲህ፣ ያው፣ ምን ሆነ መሰላችሁ...» እያላችሁ ከተንተባተባችሁ ታሪኩ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለው። «ይሄን ለማወቅ ግን መጀመሪያ...» ካላችሁ ደግሞ አንድ ሥዕል ጎድሏል ማለት ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሲስማማኝ ሥዕሎቹን በስልክ ፎቶ አነሳና በየቆይታቸው እደረድራለሁ፣ በራሴ ድምፅ ንግግሩን እቀዳበታለሁ። ይሄ አኒማቲክ ይባላል። የአራት ደቂቃ ፊልም አኒማቲክ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ሰው የሚሰለችበትን ቦታ እዚያው ታዩታላችሁ። እኔ ያንን ለማየት 22 ወር ጠብቄያለሁ።

አንዳንድ ወጣቶች እዚህ ላይ ይሟገቱኛል። «ፍሎው» የሚባለውን የአኒሜሽን ፊልም የሠራው የላትቪያው ልጅ ስቶሪቦርድ አልሠራም፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ወሰደ ይላሉ። ልክ ነው፣ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ስቶሪቦርድ አልሳለም። ፊልሙም በብሌንደር ነው የተሠራው፣ እናንተ ነፃ በምታወርዱት። ግን ሰውየው በወረቀት ፋንታ ካሜራውን ኮምፒውተሩ ውስጥ እያዞረ አኒማቲኩን ሠርቷል። ከዚያ በፊትም አንድ ሙሉ ረጅም ፊልም ብቻውን ጨርሷል። መሣሪያው ሌላ ይሁን እንጂ ታሪኩን በርካሹ ሞክሮ ነው ወደ ውዱ የሄደው።

ወደ አባ ኮዳ ልመለስ። ታሪኩን አልጣልኩትም። ልጁ የሚፈልገውን ነገር በሥዕል እንዴት ላሳይ የሚለው ግን አላስተኛኝ አለ። መጀመሪያ ልጁ ለወፉ ስለ አባቱ የሚያወራበት የ40 ሴኮንድ ንግግር ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ ሲታይ አሥራ አንድ ሥዕል ሙሉ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ቀን ጠዋት ወረቀቶቹን በፌስታል ይዤ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ስበው የሚመለሱበት ሰዓት ነው። መረብ ከሚጠግኑ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አባቱ እንዳልመጣ ልጁ በምን ያውቃል?» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ፣ «ጀልባዎቹን ያያል» አሉኝ።

«ከሩቅ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?»

መረቡን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉትና ወደ ሐይቁ ጠቆሙ። ገና ጭጋግ አለ። ሁለት ጀልባ፣ ጥቁር ነጥብ ነገር። «ያ ወደ ግራ ያዘነበለው ወገቡን የሚያመው ነው። ያ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ወጣቱ ነው። ፊቱ ምን ያደርግልኛል፣ አቀማመጡን አውቃለሁ» አሉ።

ንግግሩን በሙሉ ነቅዬ ጣልኩት። አሥራ አንዱ ሥዕል በሦስት ተተካ። አንደኛው፦ ልጁ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ከሩቅ አምስት ጀልባ። ሁለተኛው፦ የቀዛፊዎቹ ጥላ ብቻ፣ እያንዳንዱ በየራሱ አቀማመጥ። ሦስተኛው፦ ልጁ ከድንጋዩ ወርዶ ሲቀመጥ። ለእህቴ ሳሳያት ገና ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ፣ «አባቱ የለም አይደል?» አለች። ገጸ ባሕርይ በጥላው ብቻ መለየት አለበት የሚለውን ትምህርት በየመጽሐፉ ታገኙታላችሁ። እኔን ግን ያስተማሩኝ እኒያ አባት ናቸው። ስለምትስሉት ነገር የሚያውቀውን ሰው ሄዳችሁ ጠይቁት። ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትሳሉ።

ያ ሁለተኛው ፊልም አራት ደቂቃ ሆነ። 2,880 ሥዕል፣ ከመጀመሪያው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰው እስከ መጨረሻው አየው። ግድግዳው ላይ የነበሩትን ወረቀቶች ለአንድ የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ብልክ በስቶሪ አርቲስትነት ከዚሁ ሆኜ እንድሠራ ቀጠሩኝ። የቀጠረኝ ሰው ከተጠናቀቀው ፊልም ይልቅ ወረቀቶቹን ነበር የፈለገው፣ እንዴት እንደማስብ የሚያዩት እዚያ ላይ ነውና። ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ የተዋበ ሥዕል ብቻ አትላኩ። አንድ አጭር ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስቶሪቦርድ ሠርታችሁ ላኩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አንድ ሳምንት የሳልኳቸው ስድሳ ሥዕሎች በአንድ ስብሰባ ሲነሱ ልቤ ስብር ብሏል። ቀስ በቀስ ለመድኩት። የስቶሪ አርቲስት ሥዕል አብዛኛው ተመልካች ጋ አይደርስም። ይህን መሸከም የማይችል ሰው በጣም ይጎዳል፣ አስቀድማችሁ እወቁት።

በመሃል ደግሞ በግሌ የያዝኩት ሥራ አሳረረኝ። አንድ ድርጅት ስለ እጅ መታጠብ የ90 ሴኮንድ አኒሜሽን አሠራኝ። ዋጋውን በቃል ተስማማን። አኒሜት አድርጌ ከጨረስኩ በኋላ «ልብሱ ይቀየር»፣ «ልጅቷ ትነሳ፣ ወንድ ልጅ ይግባ»፣ «እንደገና ልጅቷ ትመለስ» እያሉ አሥራ አንድ ጊዜ አስቀየሩኝ። መጨረሻ ላይ ግማሹን ከፍለው ስለ ቀሪው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በእጄ ወረቀት የለ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ከዚያ ወዲህ ያለ ውል አልሠራም። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ እቀበላለሁ። አኒሜሽን ሳልጀምር አኒማቲኩን አሳያቸዋለሁ፣ የስቶሪቦርዱ እያንዳንዱ ገጽ ላይ አስፈርማቸዋለሁ። ከፊርማው በፊት የፈለጉትን ያህል ይቀይሩ፣ ወረቀት ነው። ከፊርማው በኋላ ያለው ለውጥ ዋጋ እንዳለው ውሉ ላይ ይጻፋል። እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ የለም። እንዲያውም ብዙዎቹ ምን እንደሚያገኙ ቀድመው በማየታቸው ደስ ይላቸዋል።

ስለ ጓደኛዬ መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ከሁሉ በላይ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሬክተር ሆኜ ሦስት ልጆች ሰበሰብኩ። ከመካከላቸው አንዱ አብሮ አደጌ ነበር፣ ከኔ የተሻለ አኒሜተር። ሾቱን ሠርቶ ይልክልኛል። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ እንዳለው ካልሆነልኝ ሌሊት ተነስቼ ራሴ እቀይረዋለሁ። ሳልነግረው። ሥራውን ያሻሻልኩለት መስሎኝ ነበር። የተጠናቀቀውን አብረን ያየን ቀን ከሠራቸው አሥራ አራት ሾቶች ሁለቱ ብቻ የራሱ እንደሆኑ አወቀ። ምንም አልተናገረም። ቦርሳውን አነሳና ሄደ። በማግስቱ ስልክ አላነሳም። ይቅርታ ለመጠየቅ ስምንት ወር ፈጀብኝ፣ ይቅር ብሎኛል፣ አብሮኝ ግን አይሠራም።

ዛሬ ለአኒሜተር ሥራ ስሰጥ ምን ዓይነት ስሜት እንደምፈልግ እነግራለሁ። «ልጁ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጧል፣ ግን ሰው እንዲያይበት አይፈልግም» እላለሁ። እጁ የት ይሁን፣ አንገቱ እንዴት ይዙር፣ እሱን ለአኒሜተሩ እተዋለሁ። አስተያየት ካለኝ ገና በረቂቅ ሥዕሉ ላይ ቶሎ እናገራለሁ። የሰው ሥዕል ላይ ራሴ እርሳስ አላነሳም።

አሁን አዲስ ፊልም ላይ ነን። አምስት ሰው ሆነናል። ባለፈው ቅዳሜ አኒማቲኩን በስልኬ ይዤ አሞራ ገደል ወረድኩ፣ እኒያ አባት ዛሬም መረባቸውን ይጠግናሉ። የዓሣ ሾርባ አዘዝንና እየጠጣን አሳየኋቸው። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ስልኩ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ሰው ዓሣ ይዞ ነው የሚመለሰው?»

«አዎ ጋሼ፣ ሞልቶለት።»

«እንዲህ አይንሳፈፍም» አሉ። በጣታቸው የጀልባውን ጎን ነካ አደረጉ። «ዓሣ የጫነ ጀልባ ውሃው እስከዚህ ይውጠዋል። ይሄ ባዶ ነው።»

ማታ ቤት ገብቼ ግድግዳው ፊት ቆምኩ። የሚነካው ሦስት ወረቀት ነበር። ነቀልኳቸውና ጀልባውን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ እንደገና ሳልኩት።